የቮልስ ያረጁ የውስጥ ፕላስቲኮችን ማደስ፦ ከመፍታት እስከ መልሶ መግጠም

አሮጌ ቮልስ የሚያድስ ሰው ገንዘቡንና ትዕግሥቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚጨርሰው በሞተርና በቦዲ ላይ ነው። ሞተሩ ወርዶ ይሠራል፤ ቦዲው ተቀጥቅጦና ስቱኮ ተመትቶ ቀለም ይቀባል፤ ወንበሩም ታፔሴሪ ቤት ገብቶ አዲስ ልብስ ይለብሳል። በሩ ሲከፈት ግን መሪው እንደተሰነጠቀ፣ የመስኮት ማዞሪያው እንደነጣ፣ የዳሽቦርዱ ሽፋን እንደተላጠ ይገኛል። እነዚህ ክፍሎች እጅ በየቀኑ የሚነካቸው ስለሆኑ ሳይታደሱ ከቀሩ የቀረው ሥራ ሁሉ ያልተጠናቀቀ ይመስላል። ይህ መመሪያ ቮልስን ዋና ምሳሌ አድርጎ የተጻፈ ነው፤ ላዳ፣ ፔዦ 504 ወይም ቶዮታ ዲኤክስ ያለው ሰውም ሊጠቀምበት ይችላል፤ ልዩነት ባለበት ቦታ ይጠቀሳል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት፣ በአንድ መኪና ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። አንዱን የሚያጸዳ ፈሳሽ ሌላውን ያቀልጠዋል፤ አንዱን አጥብቆ የሚይዝ ማጣበቂያ ከሌላው ላይ በጥፍር ይላቀቃል። በእኔ ግምት ከጥገና ውጪ የሚሆኑት አብዛኞቹ ክፍሎች ፀሐይ የጨረሰቻቸው ሳይሆኑ፣ ምንነታቸው ሳይለይ በቲነር የታጠቡ ወይም በሱፐር ግሉ የተለጠፉ ናቸው። ስለዚህ እዚህ የተቀመጠውን ቅደም ተከተል መጠበቅ ከማንኛውም ውድ ዕቃ ይበልጣል።

ጉዳቱ ከየት ይመጣል

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር የአልትራቫዮሌት ጨረርም በ10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ለምድር ወገብ ካለን ቅርበት ጋር ተዳምሮ፣ በእኛ ከተማ ደጅ የሚያድር መኪና የሚቀበለው ጨረር ቀላል አይደለም። ጨረሩ ፕላስቲኩ የተሠራባቸውን ረጃጅም ሞለኪውሎች ይቆራርጣል፤ ገጹ ይነጣል፣ ቆይቶም እጅ ላይ የሚቀር ዱቄት ያወጣል። ሙቀቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ግን አየሩ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ይህ የዕለት ከዕለት መለጠጥና መሰብሰብ ዓመታት ሲደጋገም ስንጥቅ ይወልዳል። ቆዳ መሰሉ የፒቪሲ ሽፋን በፋብሪካ የተጨመረለት ማለስለሻ ስለሚተንበትም ጭምር ይደርቃል፤ የፊት መስታወቱን ከውስጥ የሚያደበዝዘው ቅባታማ ጉም አንዱ ምንጩ ይኸው ነው።

መፍታትና መመዝገብ

የመጀመሪያው ሥራ ባትሪውን መንቀል ነው። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ በኩል ይገኛል፤ ወንበሩን አንሥተው የነጌቲቩን ገመድ ይፍቱ። ወንበሩን ሲመልሱ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፍ እንዳይነካ በጎማ ወይም በባትሪ ክዳን መሸፈኑን ያረጋግጡ፤ ይህ ክዳን ጠፍቶባቸው እሳት የተነሣባቸው ቮልሶች አሉ።

ማንኛውንም ክፍል ከመንካትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ከፈቱ በኋላም ብሎኖቹን በየክፍሉ ለይተው፣ ስማቸው በተጻፈበት የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያስቀምጡ። ከ1968 ሞዴል ወዲህ ባሉት ቮልሶች የመስኮት ማዞሪያው ብሎን የሚገኘው በማዞሪያው ላይ ከተለጠፈች ፕላስቲክ ክዳን ሥር ነው። ክዳኗን በካቻቢቴ ጫፍ ፈልቅቆ ማንሣት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የደረቀች ክዳን ስለምትሰበር አስቀድመው በፀጉር ማድረቂያ ለአንድ ደቂቃ ያህል ያሙቋት፣ የካቻቢቴውንም ጫፍ በጨርቅ ይጠቅልሉት። ከበሩ ሽፋን ላይ መያዣ ክሊፖችን ሲያላቅቁም ሰፊና ለስላሳ ነገር፣ ለምሳሌ የእንጨት ማንኪያ እጀታ፣ ከብረት ይሻላል።

መሪውን መፍታት ጥንቃቄ ይፈልጋል። የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ብለው መቆማቸውን፣ የፍሬቻው ማንሻም መሐል ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ማንሻው ወደ አንድ ጎን ከተጫነ ፍሬቻውን የሚመልሰው ምላስ ሊሰበር ይችላል። የጡሩምባውን ቁልፍ ካነሱ በኋላ ትልቁን ዳዶ ያላሉት እንጂ ጨርሰው አያውጡት። በመሪውና በዘንጉ ላይ የሚገጣጠም ምልክት ካደረጉ በኋላ መሪውን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ወደ ራስዎ ይሳቡ። ዳዶው በጥቂት ጥርስ ተይዞ ስለሚቆይ መሪው በድንገት ሲላቀቅ ፊትዎን አይመታም።

ማጠብ

ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ላርጎና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ለአብዛኛው ቆሻሻ ይበቃሉ። ብሩሹን ቆዳ በሚመስለው ገጽ መስመሮች ውስጥ በክብ እያዞሩ ይፈትጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ይድገሙት። በጋራዦቻችን የተለመደው በቤንዚን፣ በነጭ ጋዝ ወይም በቲነር መጥረግ መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ ለጊዜው ያበራዋል፣ ከዚያ ግን ጠንካራውን ፕላስቲክ በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላዋል፣ የፒቪሲውንም ቀሪ ማለስለሻ አጥቦ ይወስደዋል።

ሌላው የእድሳት ጠላት በየመኪና እጥበቱ የሚቀባው ሲሊኮን ያለበት ማብረቂያ ነው። ሲሊኮኑ በፕላስቲኩ ገጽ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር፣ በኋላ የሚነፋው ቀለም እንደ ዓይን ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል። ቀለም ለመቀባት ካሰቡ በሳሙና ካጠቡ በኋላ በፋርማሲ አልኮል የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ይዘው፣ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ እየቀየሩ በተደጋጋሚ ይጥረጉ። አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ይለያል፤ የፍጥነት መለኪያው መሸፈኛ መስታወት ሳይሆን ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ከሆነ አልኮል ያሰነጣጥቀዋልና በሳሙና ውሃ ብቻ ይጠብ፣ ጭረቱም በፕላስቲክ ጭረት ማጥፊያ ቅባት ይታሽ።

ምንነቱን መለየት

ከ1980ዎቹ ወዲህ በተሠሩ መኪኖች ላይ ክፍሉን ገልብጠው ቢያዩ የፕላስቲኩ ዓይነት በጀርባው ላይ ታትሞ ሊያገኙት ይችላሉ። አሮጌ ቮልስ ላይ ግን እንዲህ ያለ ምልክት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ያለ መሣሪያ ለመለየት የሚረዳው ውሃና ጨው ነው።

ከክፍሉ የማይታይ ጀርባ በስለት የጥፍር ያህል ቅራፊ ይውሰዱ። ቅራፊውን ሁለት ጠብታ ላርጎ በተጨመረበት ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይጨምሩና የአየር አረፋ እንዳይዝ በጣትዎ ወደ ታች ይድፈቁት። ተመልሶ ከተንሳፈፈ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊኢትሊን ነው፤ ሁለቱም ከውሃ ይቀላሉ። ከሰጠመ በሌላ ብርጭቆ ውስጥ ጨው ከታች ሳይሟሟ እስኪቀር ድረስ እያማሰሉ ይጨምሩና ቅራፊውን ወደዚያ ያዛውሩት። ኤቢኤስ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ከንጹሕ ውሃ በጥቂቱ ብቻ ስለሚከብድ በጨው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ቤክላይት የሚባለው የድሮ ጠንካራ ፕላስቲክ ይሰጥማል፣ ፒቪሲም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ። ታልክ የተባለ የማዕድን ዱቄት የተቀላቀለበት ፖሊፕሮፒሊን ልክ እንደ ኤቢኤስ በንጹሕ ውሃ ሰጥሞ በጨው ውሃ ሊንሳፈፍ ስለሚችል በመጨረሻ በአሴቶን ማረጋገጥ ይገባል። በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ አንድ ጠብታ አሴቶን ከጀርባው ሲነካ ኤቢኤስ ወዲያው ይለሰልሳል፣ ያጣብቃልም፤ ፖሊፕሮፒሊን ምንም አይሆንም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሁሉ አሴቶን ስላልሆነ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ቁራጩን በክብሪት አቃጥሎ በጠረኑ መለየት ብዙ ሰው ይመክራል፤ ፒቪሲ ሲቃጠል ሳንባ የሚጎዳ የአሲድ ጭስ ስለሚያወጣ እኔ አልመክረውም።

የተሰነጠቀ መሪ

የአሮጌ ቮልስ መሪ በውስጡ ብረት ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ሁለቱ በሙቀት እኩል አይለጠጡም፣ በብርድም እኩል አይሰበሰቡም፤ ያረጀው ፕላስቲክ የመለጠጥ አቅሙን ሲያጣ ብረቱን እንዳቀፈ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ ክንዶቹ ከቀለበቱ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ይበረታል። የሚታደሰው ፕላስቲኩ ብቻ መሆኑ ይታወቅ፤ ብረቱ ራሱ ከተጣመመ፣ ከተሰበረ ወይም ክንዱ ከመሐሉ ላይ ከተወዛወዘ ያ መሪ መንገድ ላይ መውጣት የለበትም፣ በሌላ ይተካ።

ስንጥቁን በላዩ ላይ መድፈን ዋጋ የለውም፤ መከፈት አለበት። በሴጌቶ ምላጭ ወይም በትንሽ ባለሦስት ማዕዘን ሞረድ ስንጥቁን ተከትለው፣ ከላይ 4 ሚሊሜትር ያህል ሰፍቶ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ቦይ ያውጡ፤ ብረቱ እስኪታይ ይውረዱ። ብረቱ ዝጎ ከተገኘ ዝገቱን ፍቀው ያስወግዱ፤ በላዩ ተደፍኖ የቀረ ዝገት እያበጠ አዲሱን ጥገና ከሥር ይገፋዋል። ዞሮ ያልጨረሰ፣ መሐል ላይ የቆመ ስንጥቅ ከሆነ ጫፉን በ2 ሚሊሜትር ድሪል ይብሱት፤ ክብ ቀዳዳ ስንጥቁ ወደፊት እንዳይሄድ ይገታዋል። ቦዩንና አካባቢውን በቁጥር 120 ብርጭቆ ወረቀት አሻክረው በአልኮል ይጥረጉ።

ለመሙያ የሚሆነው ባለሁለት ቱቦ ኢፖክሲ፣ ማለትም ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚጠነክር ማጣበቂያ ነው፤ እሱም በአምስት ደቂቃ የሚደርቀው ሳይሆን ቀስ ብሎ የሚጠነክረው ይመረጣል። ስቱኮ ግን አይሆንም። ለቆርቆሮ የተሠራው ስቱኮ በዚህ ዓይነት ፕላስቲክ ላይ አጥብቆ አይዝም፤ መሪው በሙቀት ሲለጠጥም ዳር ዳሩን እየለቀቀ ይሄዳል፤ «ተሠራ» የተባለ መሪ በዓመቱ በዚያው ቦታ ተመልሶ የሚሰነጠቀው በአመዛኙ በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱን ቱቦዎች እኩል አውጥተው መልኩ አንድ ወጥ እስኪሆን ይቀላቅሉ፤ በቦዩ ሥር ወረቀት ፕላስተር ለጥፈው እንዳይፈስ ካደረጉ በኋላ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት እየገፉ ወደ ብረቱ ድረስ ያስገቡት። ጥልቅ ቦይ በአንድ ጊዜ ከሚሞላ በሁለት ዙር ቢሞላ አየር አይቋጥርም። በመጨረሻ ከመሪው ገጽ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ይቅር፣ ለ24 ሰዓትም አይነካ። በክረምት ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ሁለት ቀን መጠበቅ ይበጃል።

ማለስለሱ ከመሙላቱ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። በቁጥር 120 ጉብታውን ያውርዱ፣ በ220 ከዳሩ ጋር ያዋህዱ፣ በመጨረሻ በ400 በውሃ እያራሱ ይጨርሱ። ብርጭቆ ወረቀቱን በጣት ተጭኖ መፈተግ ጎድጓዳ ያወጣል፤ በቀጭኑ ቆርጠው ሁለቱን ጫፍ ይዘው ሊስትሮ ጫማ እንደሚወለውለው ወዲያና ወዲህ ቢስቡት ክብነቱ ይጠበቃል። ከቀለበቱ ጀርባ ያሉትን የጣት ማረፊያዎች ግን ቀጭን ዱላ ላይ በተጠቀለለ ወረቀት በየተራ መሥራት ግድ ነው። ዓይን ያላየውን እጅ ያገኘዋልና ዓይንዎን ጨፍነው በጣትዎ ይዳስሱት። እርግጠኛ ለመሆን ደግሞ በጣም ስስ የጥቁር ቀለም ንፋስ አልብሰው በቁጥር 400 በቀስታ ይፈትጉት፤ ጥቁሩ የቀረበት ቦታ ሁሉ ጎድጓዳ ነው፣ ተመልሶ ኢፖክሲ ይፈልጋል።

በ1950ዎቹ ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ካልዎት ቁልፎቹና እጀታዎቹ ከቤክላይት ወይም ከዘመዶቹ የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ቤክላይት በሙቀት አይቀልጥም፣ በአሴቶንም አይሟሟም፤ ቀለም ከመቀባት ይልቅ በብራሶ ወይም በመሳሰለው የብረት ማብረቂያ ቢታሽ የራሱ ጥልቅ ወዝ ይመለሳል። በዚያ ዘመን አንዳንዱ ቤክላይት አስቤስቶስ ይደባለቅበት ስለነበር በደረቁ መፈተግ ወይም መሞረድ የለበትም፤ ሁልጊዜ በውሃ ይሠራ፣ ጭቃውም ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይነሣ።

የተሰበሩ ጠንካራ ክፍሎች

ኤቢኤስ ለጥገና ከሁሉ የሚመች ነው። ከዚያው ዓይነት ቁራጭ ፕላስቲክ ትንሽ ሸርክተው በብልቃጥ ውስጥ አሴቶን ቢያፈሱበት በአንድ ሌሊት ወፍራም ሊጥ ይሆናል። ቁራጭ ካላገኙ የተሰባበረ የሌጎ መጫወቻ ይበቃል፤ የሌጎ ጡቦች ከ1963 ጀምሮ በኤቢኤስ የሚሠሩ ናቸው። ሊጡ የተሰበረውን ጠርዝ አቅልጦ ስለሚያዋሕድ፣ ሲደርቅ መጋጠሚያው አንድ አካል ይሆናል እንጂ እንደ ሱፐር ግሉ በመካከል ቆሞ አይቀርም። ከሁለት ሚሊሜትር የወፈረ ንብርብር በአንድ ጊዜ አይቀቡ፤ አሴቶኑ ከውስጥ ሳይወጣ ይቀርና ክፍሉን ያጣምመዋል። መስኮት ከፍተው ይሥሩ፤ አሴቶን በቀላሉ እሳት ይይዛልና ከሲጋራም ከምድጃም ይራቅ።

ፖሊፕሮፒሊን፣ ማለትም በኋለኞቹ መኪኖች በብዛት የሚገኘው ቅባት ቅባት የሚል ፕላስቲክ፣ ተራ ማጣበቂያ አይይዘውም፤ የሚበየደው በሙቀት ነው። የሬዲዮ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ካውያ በቂ ነው። በስንጥቁ ጀርባ ቀጭን የሽቦ ወንፊት አስቀምጠው በካውያው እያሞቁ ወደ ፕላስቲኩ ያስጥሙት፣ ከዚያም በላዩ የመሙያ ፕላስቲክ እያቀለጡ ይጨምሩ። መሙያው ራሱ ፖሊፕሮፒሊን መሆን አለበት። ቢጫው የውሃ ጀሪካን ቢመስልም ፖሊኢትሊን ስለሆነ አይዋሐድም፤ በየካፌው በረንዳ የምናያቸው የፕላስቲክ ወንበሮች ግን በአብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን ናቸው፣ ከምናለሽ ተራ የሚገዛ አንድ የተሰበረ ወንበርም ለብዙ መኪና የሚበቃ መሙያ ይወጣዋል። የነጣ ጥቁር ፖሊፕሮፒሊንን በሙቅ አየር መንፊያ ማጥቆር የሚያስደንቅ ውጤት ያሳያል፤ ነገር ግን ለጥቂት ወራት ብቻ ነውና እንደ እድሳት አልቆጥረውም።

እንደ ማዞሪያ እጀታና እንደ አየር ማስገቢያ ቁልፍ ያሉ ትናንሽ ነገሮችን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ ይግዟቸው። የቮልስ ምርት በሜክሲኮ ፑዌብላ ያቆመው ጁላይ 30 ቀን 2003 ሲሆን እስከዚያ ከ21 ሚሊዮን በላይ መኪና ስለተሠራ መለዋወጫው ዛሬም በአዲስ ይመረታል፤ ሶማሌ ተራ ዞር ዞር ቢሉም ከፈረሱ መኪኖች የወጣ ኦሪጅናል አይጠፋም። ድካምዎን መሪው፣ ዳሽቦርዱና ተተኪ ለሌላቸው ክፍሎች ያስቀምጡት።

የዳሽቦርድ ሽፋን

አብዛኛው ቮልስ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ ዳሽቦርድ ስላለው ይህ ክፍል አይመለከተውም። ባለ ጠማማ የፊት መስታወቱ፣ በ1972 የወጣው 1303 የተባለው ሞዴል፣ እንዲሁም ዳሽቦርዳቸው በስፖንጅና በፒቪሲ የተሸፈነ ሞዴሎች ግን ችግሩ ይኖርባቸዋል። ስንጥቁ ጥቂት ከሆነና ጠርዙ ካልተገለበጠ፣ የተነሡትን ጫፎች በስለት ከርክመው፣ የፈረሰውን ስፖንጅ አውጥተው፣ ክፍተቱን ሲደርቅ ተለጣጭ በሚሆን መሙያ ይሙሉት። ኢፖክሲ እዚህ አይገባም፤ ከለስላሳ ነገር መሐል የተተከለ ደረቅ ነገር በዳሩ አዲስ ስንጥቅ ያወጣል። መሙያው ሳይደርቅ፣ ከዚያው ዳሽቦርድ ደህና ቦታ ላይ በሲሊኮን የተቀዳ ቅርጽ በላዩ ቢጫኑበት ቆዳ መሰሉ መስመር ይወጣል።

ስንጥቁ ከሦስትና ከአራት ከበለጠ፣ ወይም ሽፋኑ ሲጫኑት እንደ ቅርፊት ከተሰባበረ፣ ማለስለሻው ከውስጡ አልቋል ማለት ነው። ምንም ቅባት አይመልሰውም። በዚህ ጊዜ አሮጌው ሽፋን ተገፎ፣ ስፖንጁ ተስተካክሎ በታፔሴሪ ባለሙያ አዲስ ቢለብስ ይሻላል፤ ማስቲሹ የዳሽቦርድን ሙቀት የሚችል መሆኑን ግን ባለቤቱ ራሱ ይጠይቅ።

ቀለም

ቀለም ከክረምቱ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ባለው ደረቅ ወቅት ቢነፋ ይመረጣል፤ እርጥበት ባለበት አየር የሚነፋ ቀለም ነጭ ጉም ይቋጥራል። ቆዳ መሰል መስመር ያለውን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት አይንኩ፣ መስመሩ ከጠፋ አይመለስምና፤ በአልኮል መጥረግ ይበቃዋል። ለስላሳ ፒቪሲ የራሱ የሆነ ተለጣጭ ቀለም ያስፈልገዋል፤ ፖሊፕሮፒሊን አስቀድሞ ለፕላስቲክ የተሠራ ማያያዣ ፕራይመር ካልተነፋበት ቀለሙ እንደ ልጣጭ ይነሣል፤ ኤቢኤስና የተጠገነው መሪ የፕላስቲክ ፕራይመር ይበቃቸዋል። ማንኛውንም ቀለም በቅድሚያ በማይታይ ጀርባ ላይ ነፍተው አንድ ቀን ይጠብቁ።

ጣሳውን ከ25 እስከ 30 ሳንቲሜትር አርቀው፣ ከክፍሉ ውጪ ጀምረው ከክፍሉ ውጪ እየጨረሱ፣ ሦስት ወይም አራት ስስ ንብርብር ይንፉ፤ በየመሐሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁ። የመጀመሪያው ንብርብር ሥሩን ሙሉ በሙሉ ባይሸፍን ይሻላል። ለዳሽቦርድ አንጸባራቂ ቀለም አይምረጡ፤ የፀሐይን ብርሃን ወደ ፊት መስታወቱ ስለሚመልስ መንገድ ያሳጣል። መሪው የእጅ ላብና ፍትጊያ ስላለበት ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ባለሁለት ክፍል ቀለም ያስፈልገዋል። ይህ ቀለም ሲነፋ የሚወጣው አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል የመተንፈሻ አካልን ክፉኛ የሚጎዳ በመሆኑ ተራ ማስክ አይከላከለውምና፣ ይህችን አንድ ሥራ ተገቢ መሣሪያ ላለው ቀለም ቀቢ መስጠት ይገባል፤ አለስልሰው ካቀረቡለት የሚጠይቀው ዋጋም ያንሳል።

መልሶ መግጠም

ቀለሙ ለንክኪ ቢደርቅም እስኪጠነክር አንድ ሳምንት ያህል ይስጡት። ክፍሎቹን በፎቶው መሠረት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይግጠሙ፤ በፕላስቲክ ውስጥ የሚገባ ብሎን ሁልጊዜ በእጅ ካቻቢቴ ይጠበቅ። ብሎኑን መጀመሪያ ወደ ግራ እያዞሩ አሮጌው ጥርስ ውስጥ ጠብ ሲል ካልተሰማዎት አዲስ ጥርስ እየቆረጠ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

መሪውን ሲመልሱ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው፣ የፍሬቻው ማንሻ መሐል ላይ ሆኖ፣ ያደረጉት ምልክት ከምልክት ይግጠም። ዳዶው በ50 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠበቅ፤ የኃይል መለኪያ ቁልፍ ከሌለዎት ካለው ጋራዥ ይዋሱ እንጂ በግምት አይለፉት። የባትሪውን ገመድ ካሰሩ በኋላ ጡሩምባው መጮሁን፣ መሪው በሁለቱም ወገን ሲዞር ፍሬቻው በራሱ መመለሱን፣ መሪውም ወደ ራስዎ ሲሳብ አለመነቃነቁን ፈትሸው ብቻ ይንዱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የቀለሙ ሽታ እስኪወጣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው በጥላ ያቁሙት፤ ከዚያ በኋላ ለፕላስቲኩ የሚያስፈልገው በየወሩ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ ሲሊኮን የሌለበት በውሃ የተሠራ የፀሐይ መከላከያ አልፎ አልፎ መቀባት፣ ደጅ ሲቆምም የፊት መስታወቱን መጋረድ ነው።